ቱሉ ዲምቱ ያለው ጫማ ሰሪ፦ ጫማው በብር፣ የነፃ ንግድ ክርክሩ በነፃ

መጀመሪያ ቦታውን ልንገራችሁ፣ ጎግል ማፕ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትማ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ትወርዱና ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሚያስገባውን መንገድ ትይዛላችሁ፣ በቀኝ በኩል ወፍጮ ቤት አለ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ጎማ ቤት፣ ከሱ ቀጥላ ያለችው ሰማያዊ የቆርቆሮ ሱቅ ናት። ስም የላትም። በሩ ላይ በቀለም "ጫማ ይሰራል ይጠገናል" ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ ዝናብ ሲመታው ከርሞ አሁን "ጫማ ይሰራል ይጠ" ላይ ቆሟል። ሰፈሩ ግን ሁሉም "ጋሼ ጋ" ነው የሚላት።

ሶስት ጥንድ አሰርቼ ነው ይሄን የምጽፈው፣ አንዴ ገብቶ ወጥቶ ኮከብ እንደሚሰጠው ሰው አይደለሁም። የመጀመሪያ ቀን የሄድኩት ግን ለማሰራት ሳይሆን ለማስጠገን ነበር። መሀል ከተማ ካለ አንድ ቡቲክ "ኦሪጅናል የቱርክ ቆዳ" ተብዬ በ6500 ብር የገዛሁት ፍላት ጫማ ነበረኝ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው የኛ ሰፈር ጭቃ ሶሉን አፉን አስከፈተው። ጋሼ ገልበጥ ገልበጥ አርገው አዩትና ጠርዙን በጥፍራቸው ላጥ ሲያረጉት ከስር ነጭ ጨርቅ ብቅ አለ። "ልጄ ይሄ ጫማ ላም የሚባል አይቶ አያውቅም" አሉኝ። ማስቲሽ ቀብተው ዙሪያውን ሰፍተው 150 ብር ብቻ ተቀበሉኝ፣ እስካሁን ለዝናብ ቀን አደርገዋለሁ። በዛው ቀን ነው አንድ ጥንድ ስሩልኝ ያልኳቸው።

አሰራራቸው እንዲህ ነው፣ ካርቶን መሬት ላይ ያነጥፋሉ፣ በባዶ እግር ያስቆሟችኋል፣ እግራችሁን በእስክሪብቶ ዙሪያውን ይስሉታል። የቀኝ እግሬ ከግራው እንደሚበልጥ በ31 አመቴ ያወቅኩት እዛ ነው፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሱቅ ውስጥ "ይለቃል ይለቃል" እያሉ ሲሸጡልኝ የነበረው ለካ ሳይለቅ የሚቀረው የቀኙ ነበር። 3200 ብር ተስማማን፣ 1500 ቀብድ ሰጠሁ፣ "ሐሙስ ነይ" አሉኝ። የየትኛው ሳምንት ሐሙስ እንደሆነ አላሉም። አስራ ሁለት ቀን ፈጀ፣ በመሀል ሶስቴ ሄጃለሁ፣ ሶስቴም ቡና ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

ጫማው ግን አሪፍ ነው፣ ይሄን ሳልል ብቀር ይቆጨኛል። ቆዳው እውነተኛ የበሬ ቆዳ ነው፣ ገበሩ የበግ፣ ስፌቱ በማሽን ሆኖ ጫፍ ጫፉ በእጅ የታሰረ። የመጀመሪያው ሳምንት ተረከዜን ላጠኝ፣ ከዛ በኋላ የእግሬን ቅርጽ ያዘና አሁን ካልሲ ያደረግኩ ነው የሚመስለኝ። እንከኑ ቀለሙ ነው፣ ሐምሌ ላይ አንዴ ዝናብ መታኝና ነጭ ካልሲዬ የከሰል ጆንያ መሰለ፣ ጋሼ ሲነገራቸው "ሁለቴ ቀለም ጠጥቶ ነበር ማለት ነው" ብለው በነፃ አስተካከሉት፣ ይቅርታ ማለት ግን የለም።

እንግዲህ እየጠበቃችሁ ሳለ ጫማችሁን ይቀበሉና ነጠላ ጫማ ይሰጧችኋል፣ ሰማያዊ የላስቲክ የቻይና ነጠላ ጫማ። ጋሼ ራሳቸው እግር ላይ ያለውም እሱ ነው። አንድ ቀን አንድ ሹፌር "ጋሼ የአገር ምርት እያሉ ሲሰብኩን ይውላሉ፣ እግርዎ ግን ጓንዡ ነው ያለው" ቢላቸው "እኔ የምሰራውን ጫማ መግዛት አልችልም" ብለው ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩ እንደ ቀልድ አልመስልሽ አለኝ።

ክርክሩ ያለው አግዳሚው ላይ ነው። አጠገባቸው የጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፣ ድሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ የነበረች፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ቲቸር ይመጣል፣ ከላይ ያልኳችሁ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ደሞ ተሳቢውን ሜዳ ላይ አቁሞ ይመጣል፣ ልብስ ሰፊው ከማዶ መቀሱን ይዞ ይቀላቀላል። ርዕሱ ሁሌ ያው ነው፣ ኢትዮጵያ አገራት ቀረጥ ተቀናንሰው የሚነግዱባቸውን የነፃ ንግድ ስምምነቶች ትደግፍ ወይስ አትደግፍ። ፓርላማ ውስጥ እንኳን እንዲህ የሚከራከሩ አይመስለኝም።

የዛን ሐምሌ ሬዲዮው ስለ ዓለም ንግድ ድርጅት ድርድር እያወራ ነበር። ኢትዮጵያ አባል ልሁን ብላ ያመለከተችው ጥር 1995 ላይ ነው። ቲቸሩ "ያኔ የተወለደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ስራ እየፈለገ ነው" ሲል ጋሼ መዶሻቸውን ሳያቆሙ "እኔ ሐሙስ ብዬ ባረፍድ ትቆጣላችሁ፣ እኔ 22 አመት አልቆየሁ" አሉ፣ አይናቸው እኔ ላይ ነበር።

ቲቸሩ ደጋፊ ነው። ክርክሩም መጥፎ አይደለም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ገዢ ኪሱ የሳሳ ነው፣ ትልቅ ፋብሪካ ትልቅ ገበያ ይፈልጋል፣ ትልቅ ገበያ ደሞ ያለው ከድንበር ማዶ ነው፣ ዝም ብለህ በር ዘግተህ ላኪ አትሆንም ይላል። ጋሼ ተቃዋሚ ናቸው፣ ምክንያታቸው ግን ከመጽሐፍ አይደለም። መርካቶ ነው ሙያውን የተማሩት፣ 1993፣ 94 አካባቢ የቻይና ጫማ ሲጎርፍ እዛው ነበሩ። በግማሽ ዋጋ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በየቀለሙ። ያኔ አብረዋቸው ከሚሰሩት ስንቱ እንደዘጋ በጣታቸው እየቆጠሩ ነው የሚነግሯችሁ። ከዛ ግን የቀሩት ሰዎች የቻይናውን ጫማ ገዝተው ፈትተው አዩት፣ ዲዛይኑን ወሰዱ፣ ስፌቱን አጠበቁ፣ ቆዳው ጠንካራ መሆኑን ሰው ቀስ እያለ ሲያውቅ ገበያው ተመለሰ፣ ከተወሰነ አመት በኋላ እንደውም የአዲስ አበባ ጫማ ወደ ውጭ መላክ ሁሉ ጀመረ። ጋሼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ቲቸሩ ዘሎ "አዩ! ውድድሩ ነው ያሻሻልዎት!" አለ።

ጋሼ ጫማውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና "እኔን አሻሽሎኛል፣ ጎረቤቴን ሊስትሮ አድርጎታል" አሉ።

ከዛ ትንሽ ዝም ተባለ። እውነቴን ነው የምላችሁ ስለ ነፃ ንግድ ካየኋቸው የቲቪ ውይይቶች ሁሉ ይቺ አንድ አረፍተ ነገር ትበልጣለች፣ ምክንያቱም ሁለቱም ልክ ናቸው። ጫማው ተሻሽሏል፣ እኔ እግሬ ላይ ነው ያለው። ጎረቤትየውም ሊስትሮ ሆኗል። የሚሻሻለውና የሚወድቀው አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ ቀላል ነበር።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፣ ብዙ ሰው "የአገር ውስጥ ሆኖ 3200 ምንድነው" ስለሚል። እኔም ብያለሁ። ጋሼ አንዱን ጫማ ብድግ አድርገው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩልኝ፣ ሶሉ ቻይና፣ ማስቲሹ የውጭ፣ ክሩ የውጭ፣ ዘለበቱ የውጭ፣ ቆዳውና እጃቸው ብቻ ናቸው የኛ። ሶሉን እሳቸው አያስመጡም፣ መርካቶ ካለ አስመጪ ነው የሚገዙት፣ አስመጪው ደሞ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚሉት ተጨማሪ ግብር፣ ከ2015 ወዲህ ደሞ የመጣው 3 በመቶ የማህበራዊ ልማት ቀረጥ ምናምን ብሎ ደምሮ ደምሮ እሳቸው ላይ ያራግፈዋል። የኛ አገር የቀረጥ ጣሪያ 35 በመቶ ነው፣ በጥቅሉ ያለቀለት ዕቃ ከፍ ያለው ላይ ይቀመጣል፣ ጥሬ ዕቃና ማሽን ዝቅ ያለው ላይ። እና ጋሼን "ነፃ ንግድ ይምጣ?" ብትሏቸው "ለሶሉ ይምጣ፣ ለጫማው አይምጣ" ነው መልሳቸው። ልብስ ሰፊው ሳቀባቸው፣ ግን እሱም ተጠይቆ "ለክርና ለዚፕ ይምጣ፣ ለሱሪ አይምጣ" አለ። በነገራችን ላይ የዓለም አምራች በሙሉ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው፣ ልዩነቱ ትልልቆቹ ሎቢ የሚያደርግላቸው ጠበቃ አላቸው።

ቲቸሩ አንድ ጥሩ ነገር የተናገረው እዚህ ጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይመራ ሲባል ዶላር ባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ አሁን 150 አልፏል። "35 በመቶ ቀረጥ ይነሳ አይነሳ ብላችሁ ትጋደላላችሁ፣ ዶላሩ ግን ብቻውን ከ160 በመቶ በላይ ቀረጥ ጣለባችሁ፣ ያውም ሶሉም ጫማውም ላይ እኩል" አለ። ጋሼ ሶሉ አምና ስንት እንደነበርና ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ሲናገሩ ድምጻቸው ሁሉ ተቀየረ። የቡቲኩ ጫማ 6500 የገባበት ምክንያትም ይሄው ነው መሰለኝ፣ ጨርቅ ሆኖ መገኘቱን ግን ዶላር ላይ ማላከክ አይቻልም።

የቆዳው ነገር ደሞ ከሁሉም ይገርማል። መንግስት በ2000 ዓ.ም ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ታክስ ጣለ፣ ሀሳቡ ቆዳው እዚሁ ቀርቶ ፋብሪካዎቻችን ያልፉት፣ ጫማና ጃኬት ሆኖ ይውጣ ነው፣ ሲሰሙት ልብ ያሞቃል። ግን በበአል ማግስት የኛን ኮንዶሚኒየም እዩት፣ የበግ ቆዳ ገንዳው አጠገብ ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ነው የሚውለው። ድሮ እናቴ ቆዳውን ሸጣ የበአሉን ቅመም ትመልስበት ነበር፣ አሁን ቆራሌው ራሱ ዞር ብሎ አያየውም። እና እኔ በግ ያረድኩት ሴትዮ ቆዳዬን ጥዬ፣ ያለቀለት ቆዳ ደሞ ጋሼ ጋ በውድ እገዛለሁ። ጥፋቱ የውጭ ገዢውን ያሸሸው ታክስ ብቻ አይደለም፣ የቆዳ በሽታም አለ፣ አገፋፈፉም አለ፣ የዓለም ገበያውም ወርዷል። ቲቸሩ ይሄን እንደ ማስረጃ ሲያመጣ ግን ጋሼም ዝም ነው ያሉት፣ በር መዝጋት ሁሌ የደሃውን ወገን ይጠቅማል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ሁለተኛውን ጫማ ልቀበል የሄድኩት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፣ ኢትዮጵያ በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና የመጀመሪያ ጭነቷን ላከች የተባለ ሰሞን። ቲቸሩ ደስታው ሰርግ የደገሰ ነበር የሚመስለው። ስምምነቱ ኪጋሊ ላይ መጋቢት 12 ቀን 2010 ተፈረመ፣ የኛ ፓርላማ በ2011 አጸደቀው፣ ከ55ቱ የአፍሪካ አገራት ያልፈረመችው ኤርትራ ብቻ ናት፣ ጽህፈት ቤቱ አክራ ነው እያለ ያስተምረናል። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፣ በስምምነቱ መሰረት 90 በመቶ የሚሆነው የዕቃ አይነት ላይ ያለው ቀረጥ እየቀነሰ ዜሮ ይገባል፣ ላላደጉ አገራት አስር አመት ተሰጥቷል፣ 7 በመቶው "ስሱ" ተብሎ ትንሽ ይቆያል፣ 3 በመቶው ግን ከነጭራሹ ከስምምነቱ ውጭ ይሆናል። ጋሼ መዶሻውን አስቀምጠው "ጫማ ሶስቱ ውስጥ ትግባ" አሉ።

ከዛ በኋላ የሆነውን ባያችሁት። ልብስ ሰፊው "ሱሪም ትግባ" አለ። ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከበሩ ላይ ሆኖ "ዱቄት!" ብሎ ጮኸ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ "ሲኒ እንዳታስገቡብኝ፣ ሲኒ በርካሽ ይግባልኝ" አለች። ሹፌሩ "ጎማ ነፃ ካልሆነ እኔ እዚች አግዳሚ ላይ አልቀመጥም" አለ፣ የጎማ ቤቱ ልጅ ደሞ ጎማ ከረከሰ ማን ያስጠግናል ብሎ ተቃወመው። ሩብ ሰአት ባልሞላ ጊዜ ሶስቱ በመቶ ሞልቶ ፈሰሰ። ቲቸሩ ሳቁን ጨርሶ "በቃ የዓለም ንግድ ድርጅት ያለበት ጄኔቫና አክራ ላይ የሚሆነው ይሄው ነው፣ እነሱ ሱፍ ለብሰው ነው እንጂ" አለ፣ ደሞ ጨመረበት፣ ያ 3 በመቶ ከሌላው አፍሪካ ከምታስገባው ዕቃ ዋጋ 10 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ አገር ዋና ዋናውን ሁሉ ሰብስቦ እዛ እንዳይደብቅ።

እኔ በበኩሌ ከዛ ቀን ጀምሮ "ነፃ ንግድ ትደግፊያለሽ?" የሚለኝን ሰው "የምን ዕቃ፣ ከየት አገር፣ በስንት አመት?" እለዋለሁ። ሰው ይበሳጫል። ይበሳጭ።

የቡናዋ ልጅ ብዙ አታወራም፣ አንዴ ግን ወሬው አጎዋ ላይ፣ አሜሪካ የአፍሪካን ዕቃ ያለ ቀረጥ የምታስገባበት እድል ላይ ሲደርስ ጀበናውን አስቀመጠች። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ያስወጣችው ታህሳስ 2014 ላይ፣ በጦርነቱ ሰበብ ነው። የምትሰራበት ፋብሪካ ትዕዛዝ ሲቀንስበት እሷንም ቀነሰ። "እኛ ጦርነት አልጀመርን፣ ሱሪ ነው ስንሰፋ የነበረው" አለች። ቲቸሩ ቀስ ብሎ፣ እንደ ክርክር ሳይሆን፣ አጎዋ እኮ ስምምነት አይደለም፣ አሜሪካ በራሷ ህግ በ1992 የሰጠችው ስጦታ ነው፣ ሰጪው ሲከፋው ይወስደዋል፣ ውል ቢሆን ግን አንዱ ብድግ ብሎ አይሰርዘውም አላት። ሩዋንዳንም አነሳ፣ ሰልባጅ ላይ ቀረጥ ጨመረች ተብሎ በ2010 ሐምሌ ልብሷ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን እድል አሜሪካ እንዴት እንዳገደችባት። ይሄ እኔን ያሳመነኝ ነጥብ ነው። ሹፌሩ ግን አላመነም፣ "ውልስ ቢሆን ጉልበተኛ ይቀደዋል አይደል?" አለ፣ ቲቸሩም አልዋሸም፣ እሱስ አሜሪካ ናፍታን እንኳን አፍርሳ በሌላ ቀየረችው ሲል ሹፌሩ ከመቀመጫው ተነስቶ "ናፍጣ ደሞ ጨመረ እንዴ?!" አለ። በሳቅ ሞትን። ቲቸሩ እንባውን እየጠረገ ናፍታ ማለት አሜሪካ ከካናዳና ከሜክሲኮ ጋ የነበራት ስምምነት እንደሆነ፣ ከናፍጣ ጋ እንደማይገናኝ ቢያስረዳውም ሹፌሩ ስልክ ደውሎ ማደያ አጣራ። ከዛ ቲቸሩ ሌሶቶን ነገረን፣ ጂንስ እየሰፋች ለአሜሪካ የምትሸጥ ትንሽ አገር፣ መጋቢት 2017 ላይ 50 በመቶ ታሪፍ ተጣለብሽ ተባለች፣ በኋላ ወደ 15 ወረደላት። የቡናዋ ልጅ "እነሱም ልብስ ሰፊ ናቸው?" ብላ ጠየቀች፣ አዎ ሲላት ሌላ ምንም አላለችም፣ ሁለተኛ ቀዳችልን።

የሹፌሩ ሀሳብ አጭር ናት፣ ታሪፉ ዜሮ ቢሆንም መኪናዬ ኬላ ላይ ሶስት ቀን ከቆመ ዜሮው ምን ያረግልኛል ነው። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በኩል ስለሆነ ሰውየው ስለሚያወራው ነገር ያውቃል፣ ከአደባባዩ ማዶ የፍጥነት መንገዱን ይዞ የሚመጣውን ተሳቢ ሁሉ በስም ነው የሚያውቀው።

ወደ ሱቁ ልመለስና የማያስደስተኝን ልንገራችሁ። ቀጠሮ አያከብሩም፣ ይሄን እወቁት። የሴት ጫማ ዲዛይን አራት ብቻ ነው ያላቸው፣ ታኮ አይሰሩም፣ ፎቶ በስልክ ብታሳዩዋቸው "እሺ" ይላሉ ግን የሚሰሩት ያንኑ አራቱን ነው። ሶሉ የሚመጣው በሶስት ቀለም ነው፣ ቡኒ ጫማ አዛችሁ ሶሉ ጥቁር ቢሆን "አስመጪው ያመጣው ይሄን ነው" ትባላላችሁ፣ በኔ ሁለተኛ ጫማ ላይ ደርሷል፣ ሰው ሲያየው ፋሽን ይመስለዋል። ክርክሩ ሲሟሟቅ ደሞ ስራ ይቆማል፣ የኔ አስራ ሁለት ቀን ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ የዓለም ንግድ ድርጅት ናቸው።

ሶስተኛው ጥንድ የአባቴ ነው፣ ለገና ሰጠሁት፣ ስፋቱን በካርቶን ስዬ ነው የወሰድኩላቸው፣ ልክክ አለ። አባቴ ገልበጥ አርጎ ሶሉ ስር ያለችውን ጽሁፍ አይቶ "የቻይና ነው እንዴ?" አለኝ። ግማሹ ነው አልኩት።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ። ለበአል ካሰባችሁ ከወር በፊት እዘዙ፣ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ከጠዋቱ ሶስት ሰአት በፊት አይከፍቱም። አግዳሚው ላይ ደሞ በግራ በኩል ያለው ጫፍ ይወዛወዛል፣ እዛ እንዳትቀመጡ፣ በተለይ ቡና ይዛችሁ።